ሁለት ጊዜ መጠየቅ ክልክል ነው

ሥራ በጀመርኩበት ጠዋት ቤቱ "ቡና ትጠጫለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። ቤቱ ስል በሰሜን ፊንላንድ፣ ካያኒ በምትባል ከተማ ያለውን የአረጋውያን መኖሪያ የሚያስተዳድረውን፣ ከጣሪያ የሚናገረውን ድምፅ ማለቴ ነው። አለቃችን ሄልሚ ኩባያዋን ይዛ አጠገቤ ቆማለች። ሌሎቹ ሠራተኞችም ያዩኛል። ደሴ ተወልዳ ያደገች ልጅ በመጀመሪያ ቀኗ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ምን ብላ እንደምትመልስ የታወቀ ነው። "አይ፣ አመሰግናለሁ" አልኩ። ከመንገድ ስለገባሁ ራሴን እየፈለጠኝ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ለአንድ ስኒ ቡና የማልሰጠው ነገር አልነበረኝም። ፈገግ ብዬ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅሁ።

አልመጣም። ቤቱ "ተመዝግቧል" አለ፤ ሄልሚም ራሷን ነቅንቃ ወደ ሥራዋ ሄደች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ቡና የማትጠጣዋ ረድኤት ሆኜ ኖርኩ።

ነገሩ ሕግ ነው። በሁለት ሺህ ስድሳ አራት ዓመተ ምሕረት በዚህ አገር ሰው አንዴ አልፈልግም ካለ፣ በሥራ ቦታ ያንኑ ጥያቄ መድገም ጫና ይባላል። ጫና ያደረገ ሰው ስሙ ይያዛል። ከምዘና በፊት ጫና የተመዘገበበት ተማሪ ደግሞ ለምዘና አይቀርብም፤ ምዘናው ከተጀመረ ግን አይቋረጥም። ሕጉን ያወጡት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የሰውን ቃል ለማክበር ብለው ነው። እኛ ዘንድ ግን የመጀመሪያው "አይ" መልስ ሳይሆን የጨዋ ልጅ ሰላምታ መሆኑን የነገራቸው የለም።

የቡናው ነገር ብቻ ቢሆን ችዬ በኖርኩ። ችግሩ ቋንቋውም ያለው እዚያው ቡናው ዘንድ መሆኑ ነው። ሁላችንም ጆሯችን ውስጥ፣ እኛ ሐበሾች "ሹክ" የምንለው ትንሽ አስተርጓሚ መሣሪያ አለ። አንዱ በፊንላንድኛ ይናገራል፣ ሹክ ለእኔ በአማርኛ ያንሾካሹክልኛል፤ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፣ እሱ በፊንላንድኛ ይሰማል። ትምህርት ቤትም እንደዚያው ነው። ሦስት ዓመት ፊንላንድ ኖሮ ሦስት ቃል የማያውቅ ሰው ሞልቷል። ሠራተኞቹ ሹኩን ከጆሯቸው የሚያወልቁት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩልና ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ብቻ ነው። በቡና ክፍሉ በር ላይ ያለ የእንጨት ሳህን ውስጥ ይጥሉትና ለአሥራ ሁለት ደቂቃ በገዛ አፋቸው ያወራሉ። ቀልዱም፣ ሐሜቱም፣ የሥራው ቋንቋም ያለው በዚያች አሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው። ቡና የማይጠጣ ሰው ደግሞ ኮሪደር ይጠብቃል። ሰዎቹ ገብተው በሩን ይዘጉታል፤ እኔ ከውጭ ሆኜ ሳቃቸውን እሰማለሁ።

ቋንቋው ለምን እንደሚያስፈልገኝ ልንገራችሁ። ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው በገዛ ቋንቋው፣ ከሰው አፍ፣ ያለ መሣሪያ የመታጠብ፣ የመልበስና የመጉረስ መብት አለው። ስለዚህ እዚህ ሥራ ላይ ለመቅረት የፈለገ ተማሪ "ባዶ ጆሮ" የሚባለውን ምዘና ማለፍ አለበት። ሹኩን አውልቆ አንድ ጠዋት ከአንድ አረጋዊ ጋር ይውላል። በመጨረሻ አለቃው አረጋዊውን "ይህ ሰው ከአንተ ጋር እንዲቀጥል ትፈልጋለህ?" ብሎ ይጠይቃል። መልሱ አልፈልግም ከሆነ የተማሪው የመኖሪያ ፈቃድ ያበቃል፤ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። የእኔ ቀን ሚያዝያ ስድስት ነበር። አረጋዊዬም የክፍል አሥራ አንዱ ያርኮ ነበሩ።

ፊንላንዶች ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የሚሉት። እኔ ግን የሰማንያ ስድስት ዓመት ሽማግሌ "ያርኮ" ብዬ መጥራት ምላሴ እምቢ አለኝና "ጋሽ ያርኮ" እላቸው ጀመር። ምን ማለት እንደሆነ ጠይቀው ስነግራቸው አሰቡበትና "መልካም፣ አንድ ማዕረግ አገኘሁ" አሉ። አርባ ዓመት የበረዶ መጥረጊያ መኪና ነድተዋል። ሁለቱም ክንዶቻቸው ላይ የወጣትነት ንቅሳት አለ፤ የተነቀሰው ነገር ተኩላ ይሁን ባቡር አሁን መለየት አይቻልም፤ ቆዳው ተሸብሽቧል። የእሳቸው ትውልድ እንደዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ ሳሎን ውስጥ ሄቪ ሜታል የሚባለው ጩኸታም ሙዚቃ ይከፈትላቸዋል፤ ሃያ የሚሆኑ አያቶች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ጭንቅላታቸውን ቀስ እያደረጉ ይወዘውዛሉ፤ እኛም አንገታቸውን እንዳያማቸው ትራስ እናደርግላቸዋለን።

ጋሽ ያርኮ ሹክ አድርገው አያውቁም። ከኮሪደሩ ጫፍ፣ መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። ሰዎቹ ቡና ሊጠጡ ሲገቡ እኔም ሹኬን ኪሴ ውስጥ እከትና አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ያለኝ ብቸኛ ትምህርት ቤት ይኸው ነበር። ትምህርት ቤት ያስጠኑኝ ዓረፍተ ነገር "አሁን እርስዎን ከአልጋ ወደ ወንበር ለማዛወር ፈቃድዎን እጠይቃለሁ" የሚል ነበር። መጀመሪያ ቀን ይህንኑ በቃሌ ስልላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና፣ "ይህን ብለሽ እስክትጨርሺ ሰውየው ይሞታል" አሉኝ። "ኖኒን በይ።" ኖኒን የእኛ "በል እንግዲህ" ማለት ነው። ተነሥ ለማለት፣ ተቀመጥ ለማለት፣ አለቀ ለማለት፣ ምን ይደረጋል ለማለት፣ ሁሉንም ይሆናል። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ማለት ይህ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ክፍላቸው ውስጥ፣ በአርባ ዲግሪ ብርድ መኪናቸው መንገድ ላይ የቆመባቸውን ጊዜ ሲያወሩልኝ፣ ሳላስበው እንደ አገሬ ሰው አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ "እህ" አልኩ። እየሰማሁ ነው፣ አዎ፣ ማለቴ ነው። ወሬያቸውን አቋርጠው አዩኝ። ከዚያ እሳቸውም አየር ወደ ውስጥ እየሳቡ "ዮ" አሉ። የእናታቸው መንደር ሰውም አዎ የሚለው በዚህ ዓይነት ነው ለካ! ደስ ብሎን እየተቀባበልን ትንፋሽ ስንስብ ቤቱ ደንግጦ፣ "ክፍል አሥራ አንድ፣ ሁለት ሰዎች መተንፈስ ተቸግረዋል" ብሎ ኦክስጅን የሚያመጣውን ጋሪ ላከብን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ያርኮን እንደ ዘመድ እወዳቸዋለሁ። ይህን ማለት ለምን አፍራለሁ?

እናቴ በየእሑዱ ትደውላለች። "ረዱዬ፣ ቡና ከማን ጋር ነው የምትጠጪው?" ትለኛለች፤ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ብዬ እዋሻታለሁ። ከዚያ "አልፈሽም ወድቀሽም ወደ ቤትሽ ነይ፤ እኔስ እያረጀሁ አይደለም እንዴ?" ትላለች። ይህንንም ለጋሽ ያርኮ ነግሬያቸዋለሁ። ምነው ባልነገርኳቸው ኖሮ።

የካቲት ሲያልቅ የጋሽ ያርኮ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ጠዋት ሳሎን ውስጥ፣ በሰዎች መሐል፣ ቡናቸው ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። ፊንላንዶች ሰው እንዲህ ሲሆን ወደ ሌላ ማየት ያውቁበታል። በማግስቱ የቡናው ጋሪ ሲመጣ "አልፈልግም" አሉ። ቤቱ መዘገበ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጋሪው ክፍል አሥራ አንድን ዘሎ ያልፋል። ሰባ ዓመት በቀን ስምንት ኩባያ ሲጠጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሄል የገባበትን ጣፋጭ ዳቦ ደረቁን ያኝካሉ፤ እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አያለሁ። ደግሜ ብጠይቃቸው እንደሚጠጡ ልቤ ያውቃል። ግን አልጠየቅኋቸውም። ምዘናዬ እንዳይሰረዝብኝ ፈርቼ ነው፤ እውነቱ ይኸው ነው። አንድ ወር ከምናምን ቀን ፈራሁ።

ሚያዝያ ስድስት ደረሰ። ሄልሚ ሹኬን ተቀብላ ኪሷ ከተተችና የክፍሉ ጥግ ላይ ተቀመጠች። አምሳ ዓመት የሞላት፣ ቀጥ ያለች፣ የማትቀልድ ሴት ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታ በስሟ የተመዘገበ አንድም ጫና የለም። ጋሽ ያርኮን አጠብኩ። "ኖኒን" ብዬ አነሣኋቸው፣ "ኖኒን" ብዬ አስቀመጥኳቸው። ግራ እግራቸው ስለሚያብጥ ካልሲውን ላላ አድርጌ አጠለቅሁላቸው። አንዱንም ቃል አልተሳሳትኩም። ሁሉም ነገር አማረልኝ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሪው በኮሪደሩ እየተንከባለለ መጣ። በራችን ላይ ሳይቆም አለፈ። የጋሽ ያርኮ አንገት ሽታውን ተከትሎ ዞረ። ያን አንገት ሳይ ሌላው ሁሉ ጠፋኝ።

"ጋሽ ያርኮ፣ ቡና ላምጣልዎት?"

"አልፈልግም።"

ቤቱ ከጣሪያው፣ "ያርኮ ቡና አይጠጣም። ጫና፣ አንድ" አለ።

ወጥቼ ጋሪውን ሮጬ ደረስኩበት። እንዳይፈስ ብዬ ኩባያውን ግማሽ ብቻ አስቀዳሁና ተመለስኩ። ሄልሚ ቅንድቧን አነሣች፤ ግን መዛኝ መናገር አይፈቀድለትም።

"ግማሽ ነው ያደረግሁት። እኔ እይዝልዎታለሁ።"

"አልፈልግም አልኩ" አሉ ወደ ሄልሚ እየገለመጡ። ያኔ ገባኝ፤ እሳቸውን ያስፈራቸው የሰው ዓይን ነበር።

"ጫና፣ ሁለት" አለ ቤቱ።

ሦስተኛው ላይ ፊንላንድኛዬ አለቀብኝ። እናቴ እንግዳዋን የምትለምንበት ቋንቋ ብቻ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ፤ እሱኑ ቃል በቃል ገልብጬ በፊንላንድኛ አወጣሁት። "ይጠጡ እንጂ! ካልጠጡ እኔ ልሙት! አፈር ልሁን!" አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

የክፍሉ መብራት ቢጫ ሆነ። "ጫና፣ ሦስት። ሠራተኛዋ የመሞት ፍላጎት ገልጻለች። የአእምሮ ጤና ባለሙያ መስመር ላይ ነው፤ እባክዎ ከመስኮቱ ራቅ ይበሉ።"

ሄልሚ ከወንበሯ ዘላ ተነሣች። ጋሽ ያርኮ ግን ቀና ብለው አዩኝ።

"ለግማሽ ኩባያ ቡና ነው የምትሞቺው?"

"አዎ" አልኩ እንባዬ እየመጣ።

ሳቁ። ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ሰባት ወር አብሬያቸው ስኖር እንዲህ ሲስቁ አላየሁም። እጃቸውን ዘረጉልኝ። መዳፌን ከሥር አድርጌ ኩባያውን አብረን አነሣነው፤ ጠብ ሳይል ጠጡት።

ሄልሚ ባለሙያውን ይቅርታ ጠይቃ መስመሩን ዘጋች። መናገር እንደማይፈቀድላት የረሳችው ይመስለኛል።

"አገርሽ ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚጠየቀው?" አለችኝ።

"ሦስት። ቢያንስ ሦስት።"

"መጀመሪያ ሲጠየቅ እሺ ቢልስ?"

"ስድ አደግ ይባላል።"

ሄልሚ ቀስ ብላ፣ "በመጀመሪያው ቀን ቤቱ ሲጠይቅሽ..." ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም።

"እየጠበቅሁ ነበር።"

"ሰባት ወር?"

የሄልሚ ፊት ተለዋወጠ። "እኛ የምትጠዪን መስሎን ነበር" አለች። "ከእኛ ጋር መቀመጥ አትፈልግም፣ እናክብርላት ተባባልን። በሩን የምንዘጋው የቡናው ሽታ እንዳያስቸግርሽ ብለን ነው።"

ለእኔ ብለው! ያን በር ስንት ቀን ረገምኩት። በእነሱ ላይ የቋጠርኩት ቅሬታ ሁሉ ወዴት እንደሄደ አላውቅም፤ አፈርኩ፣ ደስም አለኝ፣ ማልቀስም አማረኝ።

"የምዘናው ጥያቄ ሰዓት ደርሷል" አለ ቤቱ።

ሄልሚ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ቀጥ ብላ ቆመች። "ያርኮ፣ ይህች ሠራተኛ ከአንተ ጋር እንድትቀጥል ትፈልጋለህ?"

ጋሽ ያርኮ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከቤት ውጭ በረዶው መቅለጥ ጀምሯል።

"አልፈልግም" አሉ።

የተሳሳትኩት ምን እንደሆነ ፈልጌ አጣሁ። ቡናውን ማስገደዴ ይሆን? አሥራ አራት ቀን። ሻንጣዬ አልጋ ሥር ነው። ያን የግራ እግር ካልሲ ማን ላላ አድርጎ ያጠልቅላቸዋል? ያሰብኩት ይህን ነበር።

"ተመዝ..." ብሎ ቤቱ ሲጀምር ሄልሚ "ቆይ!" አለችው።

ቤቱን ቆይ ያለ ሰው እኔ አይቼ አላውቅም። ቤቱም ያየ አልመሰለኝም፤ ዝም አለ። ሄልሚ አንገቷ ድረስ ቀልታለች። ሃያ ሁለት ዓመት ያቆየችውን ንጹሕ ስሟን በእጇ ይዛ የቆመች ይመስል ጣቶቿን ቆልፋለች።

"ያርኮ፣ ይህች ሠራተኛ ከአንተ ጋር እንድትቀጥል ትፈልጋለህ?"

"ጫና፣ አንድ። ሄልሚ" አለ ቤቱ።

"አልፈልግም አልኩሽ እኮ" አሉ ጋሽ ያርኮ ፊታቸውን ሳያዞሩ። ቀጥሎ ያሉትን የሰማሁት በባዶ ጆሮዬ ነው፤ አንድም ቃል አላመለጠኝም። "እናቷ እዚያ ናት። በየእሑዱ ነይ ትላታለች። እኔ ሰማንያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ነገ የለሁም። የሰውን ልጅ እዚህ በረዶ ውስጥ ለራሴ ብዬ ልያዛት? ትሂድ። እናቷ ትጠግባት።"

ሄልሚ ወደ እኔ አየች። ተንበርክካ፣ ዓይናቸው እስኪገጥም ዝቅ ብላ ጠየቀቻቸው።

"ስለ እናቷ እሷ ታስብበታለች። እኔ የጠየቅሁት አንተን ነው። አንተስ፣ ያርኮ? አንተ ትፈልጋለህ?"

"ጫና፣ ሁለት። ሄልሚ።"

ጋሽ ያርኮ ባዶውን ኩባያ ወደ ጎን ገፋ አደረጉ።

"ሰኞ የሳውና ቀኔ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ከሌላ ሰው ጋር አልገባም።" ቀጥለው ደግሞ፣ "የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ስታፈስ ትሰስታለች፤ ይህን ጻፉባት" አሉ።

ሄልሚ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ መሬት ቁጭ ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ማንም ተይ አላለኝም።

ከላይ ቤቱ ግራ ገብቶት፣ "መልሱ ግልጽ አይደለም" አለ። "ያርኮ፣ ይህች ሠራተኛ ከአንተ ጋር እንድትቀጥል ትፈልጋለህ?"

"አዎ!" ብለው ጮኹ ጋሽ ያርኮ ወደ ጣሪያው። "ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚጠየቀው?"